የሞላ ቤት ለምን ይከስራል?
(የምግብ ቤትና የድግስ ሥራ የሒሳብ ጎን)

መግቢያ

በትምህርት ክፍላችን ስለ ምግብ አሠራር፣ ስለ ጠረጴዛ አዘረጋግና ስለ መስተንግዶ ብዙ እንማራለን። ወደ ኮስት ኮንትሮል ስንደርስ ግን አብዛኞቻችን «እሱ የአካውንቲንግ ተማሪዎች ጉዳይ ነው» እያልን ፈተና ለማለፍ ያህል ብቻ እናጠናዋለን። እኔም እስከ ተግባር ልምምዴ ድረስ ከእነዚሁ አንዱ ነበርኩ።

ለልምምድ የተመደብኩት ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር በማይገኝበት ቤት ነበር። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሠርግ ድግስ ይወጣል። ከውጪ ለሚያየው ሰው ባለቤቷ ብር የሚያፍሱ ነው የሚመስለው። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ግን ሠራተኞቹ የሁለት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈላቸው ሰማሁ። አንድ ማታ ካሸሯ ሒሳብ አስረክባ ስትወጣ ባለቤቷ ጠሩኝና «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ቤቱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ታዲያ ብሩ የት ነው የሚገባው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው። የቤቱን ምስጢር ላለማውጣት ስል የብር መጠኖቹን ለስሌት በሚያመቹ ቁጥሮች ተክቻቸዋለሁ። አንባቢ የራሱን ገበያ ዋጋ አስገብቶ ሊያሰላ ይችላል።

1. መሸጥ ሌላ፣ ማትረፍ ሌላ

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር ካዝና ውስጥ የገባ ብር ሁሉ የቤቱ አለመሆኑ ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ቤት በሚሸጠው ላይ 15 በመቶ ቫት ይሰበስባል። ይህ አሠራር በአገራችን ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው። ስለዚህ ሜኑ ላይ ቫትን ጨምሮ 690 ብር የተጻፈ ጥብስ ሲሸጥ የቤቱ ድርሻ 600 ብር ሲሆን 90ው ብር የመንግሥት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። የ690ን 15 በመቶ አስልቶ መቀነስ ትክክል አይደለም፤ 690ን ለ1.15 ማካፈል ነው የሚገባው።

ከቫት ቀጥሎ የሚወጣው የጥሬ ዕቃ ዋጋ ነው። ከዚያ ደመወዝ ይመጣል። ደመወዝ ሲባል ሠራተኛው እጁ ላይ የሚቀበለው ብቻ አይደለም። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይከፍላል፣ ከሠራተኛው ደግሞ 7 በመቶ ቀንሶ ገቢ ያደርጋል። ቀጥሎ ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ከሰል፣ ጋዝ፣ ሳሙና፣ የተሰበረ ብርጭቆ አለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረ ካለ እሱ ነው ትርፍ የሚባለው።

የሙያው መጻሕፍት የጥሬ ዕቃና የሠራተኛ ወጪ አንድ ላይ ተደምሮ ከሽያጩ ከ60 እስከ 65 በመቶ ባያልፍ ጥሩ ነው ይላሉ። ይህ ልክ የተወሰደው ደመወዝ ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ነው። እኛ ጋ ደመወዙ ዝቅ ብሎ የጥሬ ዕቃው ድርሻ ከፍ ሊል ስለሚችል ቁጥሩን እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል እንጂ እንደ ሕግ መያዝ የለብንም። ዋናው ነገር ሁለቱን ወጪዎች በየወሩ አውቆ መያዙ ነው። እኔ የሄድኩበት ቤት ግን የዕለት ሽያጭ እንጂ የወር ወጪ የተጻፈበት ደብተር አልነበረውም።

2. መስፈር ንፉግነት ነው?

እዚህ ላይ አንድ የባህል ጉዳይ ማንሳት ግድ ይላል። ምግብን በገንዘብ መሸጥ በአገራችን ያን ያህል ያረጀ ሥራ አይደለም። በአዲስ አበባ ፈር ቀዳጅ የሆነው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል የተከፈተው በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ነው። በጊዜው ሰው በልቶ ሒሳብ መክፈልን ስላልለመደው አፄ ምኒልክ ራሳቸው እየበሉ በመክፈል አርአያ ይሆኑ እንደነበር ይነገራል። ለእንግዳ ማቅረብ ክብር ነው። በግራም ለክቶ ማቅረብ ደግሞ ስስት ይመስላል። ይህ ስሜት ዛሬም ወጥ ቤታችን ውስጥ አለ።

እስቲ በጥብሱ ላይ እንየው። 10 ኪሎ ሥጋ በኪሎ 1,000 ብር ተገዛ እንበል። አጥንቱ፣ ጅማቱና ሞራው ሲወጣ 8 ኪሎ ይቀራል። 10,000 ብር ለ8 ኪሎ ሲካፈል የሥጋው እውነተኛ ዋጋ 1,250 ብር ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው 200 ግራም ሥጋ 200 ብር ሳይሆን 250 ብር ይፈጃል። ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ ቅቤው፣ የጥብስ ቅጠሉ፣ አዋዜውና እንጀራው 70 ብር ቢሆን የአንዱ ሳህን ወጪ 320 ብር ይሆናል። ቫት ሲወጣ ገቢው 600 ብር ስለሆነ የጥሬ ዕቃው ድርሻ 53 በመቶ ነው።

ባለቤቷ በልባቸው የያዙት ሒሳብ ሌላ ነበር። ሥጋውን በ200 ብር፣ ሌላውን በ70 ብር አስበው 270ን ከ690 ጋር ነበር የሚያነጻጽሩት። 39 በመቶ ይመጣል። በ39 እና በ53 መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ የ«ብሩ የት ገባ?» የመጀመሪያው መልስ ነው። ገና ሌብነትም ብክነትም ሳይነሳ ቫትና አጥንት ተረስተው ነበር።

ሁለተኛው መልስ ሚዛን ላይ ተገኘ። ለሦስት ቀን ወደ ምጣዱ ከመግባቱ በፊት የየአንዳንዱን ሳህን ሥጋ መዘንኩ። አማካዩ 250 ግራም ሆነ። 50 ግራም እኮ ጣት የማትሞላ ሥጋ ናት። በ1,250 ሲሰላ ግን 62 ብር ከ50 ነው። በቀን 50 ሳህን ጥብስ ይወጣል። ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾም ጥብስ የሚሸጥበት ቀን በወር ወደ 20 ነው። 62.50 ጊዜ 50፣ ጊዜ 20፤ በወር 62,500 ብር። ደመወዝ ካልተከፈላቸው ሠራተኞች ለአምስቱ ከፍሎ የሚተርፍ ብር ነው በየሳህኑ ላይ ተጨልፎ የሄደው።

ይህን ይዤ ወጥ ቤቱን ለሚመሩት እናት ሚዛን ላስገባ ስል ተቆጡ። «ሃያ ዓመት በእጄ ስሰፍር ማንም አላማረረም። አሁን እኔን ሌባ ለማለት ነው?» አሉኝ። «ኧረ በፍጹም እናቴ! እጅዎ ቸር ስለሆነ ነው» ብዬ የሁለት ወር ደመወዛቸውንና የ50 ግራሙን ሒሳብ ጎን ለጎን ጽፌ አሳየኋቸው። ወረቀቱን አስነብበው ዝም አሉ። በማግስቱ ወጡን የሚለኩበትን ጭልፋ ራሳቸው መረጡ፤ ሥጋው ደግሞ ጠዋት ጠዋት በ200 ግራም እየተመዘነ በየሳህኑ ተለይቶ እንዲቀመጥ አዘዙ። እዚህ ላይ የተማርኩት ነገር አለ። የረሲፒ ካርድ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ካርዱ የሚሠራው ግን ባለሙያዋ ስታምንበት ብቻ ነው። የማይሰፍር ቸርነት ለእንግዳው ቸር ሲሆን ለሠራተኛው ንፉግ ይሆናል።

3. ፐርሰንት አይበላም

አንዳንድ ተማሪ የጥብሱን 53 በመቶ ሲያይ «ይህማ ከሜኑ ይውጣ» ሊል ይችላል። አይቸኩል። በዚያው ቤት ሽሮ ቫትን ጨምሮ 230 ብር ይሸጣል። ቫቱ ሲወጣ 200 ብር ነው፣ ወጪው 60 ብር። ድርሻው 30 በመቶ ብቻ ስለሆነ በፐርሰንት ሽሮ ይበልጣል። በብር ስናየው ግን ከሽሮ 140 ብር፣ ከጥብስ 280 ብር ይቀራል። ደመወዝ የሚከፈለው በብር ነው እንጂ በፐርሰንት አይደለም።

ለዚህ የሚረዳ ዘዴ ካሳቫናና ስሚዝ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1982 እ.ኤ.አ. አቅርበዋል። ምግቦቹን በሚሸጡት ብዛትና በሚያስቀሩት ብር ለአራት ይከፍሏቸዋል። ብዙ የሚሸጥና ብዙ የሚያስቀር «ኮከብ» ነው። ብዙ የሚሸጥ ግን ጥቂት የሚያስቀር «የእርሻ ፈረስ» ይሉታል፤ እኛ «የእርሻ በሬ» ብንለው ይቀርበናል። ጥቂት የሚሸጥ ግን ብዙ የሚያስቀር «እንቆቅልሽ» ሲሆን ሁለቱም የሌለው «ውሻ» ይባላል። ጥብስ ኮከብ ነው፤ የሚያስፈልገው ልኩን መጠበቅ ብቻ ነው። ሽሮ የእርሻ በሬያችን ነው። በሬ አይታረድም፤ ቤቱን የሚያርሰው እሱ ነውና። ዋጋው በጥንቃቄ ይጠና፣ ከሰላጣ ወይም ከጁስ ጋር ተጣምሮ ይቅረብ። ውሻው ግን በፍሪጅ ውስጥ ዕቃ ይዞ ከማበላሸት ከሜኑ ቢወጣ ይሻላል።

4. ከስቶር እስከ ቦኖ

የወር ፍጆታ የሚሰላው በአንድ ቀላል ቀመር ነው። በወሩ መጀመሪያ ስቶር ውስጥ ያለው ላይ የተገዛው ይደመራል፣ ከዚያ በወሩ መጨረሻ ተቆጥሮ የተገኘው ይቀነሳል። በእኛ ምሳሌ 180,000 ሲደመር 640,000 ሲቀነስ 145,000 ይሆናል 675,000 ብር። ቫት የሌለበት የወሩ ሽያጭ 1,500,000 ብር ቢሆን ፍጆታው 45 በመቶ ነው።

አሁን ይህን ካርዶቹ ከሚሉት ጋር እናስተያየው። የተሸጠው እያንዳንዱ ሳህን በካርዱ ዋጋ ሲባዛ መውጣት የነበረበት 590,000 ብር ነው። ልዩነቱ 85,000 ብር ሆነ። ከዚህ ውስጥ 62,500ው ከላይ ያየነው የጥብስ ትርፍራፊ ነው። የቀረው 22,500 ብርስ? የተበላሸ አትክልት፣ የሠራተኛ ምግብ፣ ለወዳጅ በነጻ የወጣ ሳህን፣ ቦኖ ሳይቆረጥለት ከኪችን የወጣ ትእዛዝ።

የሠራተኛ ምግብ ሌብነት አይደለም፤ የሚሠራ ሰው መብላት አለበት። ነገር ግን ይመዝገብ። ባለቤቷ ለእንግዳቸው የሚጋብዙትም ይመዝገብ። ያልተመዘገበ ነገር ካለ ሁሉም ሰው ተጠርጣሪ ይሆናል፤ ያኔ ጨዋው ሠራተኛ ነው ቀድሞ የሚለቀው። ለመቆጣጠር የሚከተሉት በቂ ናቸው።

ሀ. ከቦኖ ውጪ ምንም ነገር ከኪችንም ከባርም አይውጣ። ማታ የቦኖው ቅጂና የካሽ ሬጅስተሩ ሪፖርት ይመሳከር።

ለ. ገዢው፣ ስቶር ኪፐሩና ካሸሩ አንድ ሰው አይሁኑ። የመጣው ዕቃ ከደረሰኙ ጋር በሚዛን ይረከብ።

ሐ. መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይውጣ። በርበሬና ቅቤ እንኳ ቀን ይጻፍባቸው።

መ. የተረፈ እንጀራ ሳይበላሽ ወደ ፍርፍር ወይም ወደ ድርቆሽ ይዙር።

ሠ. ባለቤቱም የደመወዝ ተከፋይ ይሁን። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያም ሆነ የዘመድ ለቅሶ ከካዝና በቀጥታ ከወጣ የትኛውም ሒሳብ አይገጥምም።

የመጨረሻውን ነጥብ ለባለቤቷ ለመንገር ሦስት ቀን ፈርቻለሁ። ስነግራቸው ግን ሳቁና «እሱንስ እኔም ጠርጥሬዋለሁ» አሉ።

5. የጾምና የፍስክ ካላንደር

የእኛ አገር ምግብ ቤት ገቢ ወሩን ሙሉ እኩል አይፈስም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ይዘልቃል፣ ፍልሰታ ነሐሴ መግቢያ ላይ አለ፣ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ አሉ። በአንጻሩ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ የቀኑ ምሳ ወደ ማታ አፍጥር የሚዞርበትን ጊዜ በየዓመቱ አዲስ ማየት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። ሆኖም ብዙ ቤት ሁዳዴ በገባ ቁጥር እንደ ድንገተኛ አደጋ ይደነግጣል። ዓመቱ ሲጀምር ካላንደር ላይ ጾሙንና ፍስኩን ለይቶ ማቅለም፣ በፍስክ ወራት ከሚገኘው ለጾሙ ወራት ኪራይና ደመወዝ ለይቶ ማስቀመጥ፣ በቅበላ ሳምንት ሥጋ ሲያዝዙ የመጨረሻው ቀን ላይ የሚተርፍ እንዳይኖር ቀንሶ መግዛት ያስፈልጋል። የጾም ሜኑም ቢሆን ሽሮና በያይነቱ ብቻ መሆን የለበትም። በዓመት ከግማሽ ቀን የማያንሰው ጾም በሆነበት ገበያ የጾም ምግብን እንደ ምትክ ማየት ትልቅ ስህተት ነው።

6. ድግስና ቀብድ

ድግስ ከምግብ ቤት ሥራ የሚሻልበት ነገር አለው። የእንግዳው ቁጥር፣ ቀኑና ምግቡ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ቀብድም ይገኛል። አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው።

300 ሰው የሚጠራበት ሠርግ በሰው 1,150 ብር፣ በድምሩ 345,000 ብር ተዋዋልን እንበል። ቫቱ ሲወጣ 300,000 ብር ነው። ለጥሬ ዕቃ 180,000፣ ለጉልበት፣ ለመኪናና ለኪራይ ዕቃ 70,000 ብር ታሰበ። ትርፉ 50,000 ብር ነው። ውሉ ግን የተፈረመው ከሦስት ወር በፊት ነው። እስከ ሠርጉ ቀን የጥሬ ዕቃው ዋጋ 15 በመቶ ቢጨምር 27,000 ብር ይሄዳል። በቀኑ ደግሞ ከተጠሩት በላይ 40 ሰው ቢመጣ፣ የአንድ ሰው ጥሬ ዕቃ አሁን 690 ብር ስለሆነ ሌላ 27,600 ብር። ትርፉ ጠፍቶ 4,600 ብር ከኪስ ይወጣል። ሙሽሮቹ ደስ ብሏቸዋል፣ እንግዳው መርቋል፣ ቤቱ ግን ከስሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ ቋሚ ዋጋ ይዞ ለወራት መዋዋል ምን ያህል አስጊ እንደሆነ በሥራው ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ በቃል የተያዘ ድግስ ይቅር። በጽሑፍ ውል ላይ ቢያንስ እነዚህ ይግቡ፦ የእንግዳው ቁጥር የሚቆረጥበት ቀን (ለምሳሌ ከሰባት ቀን በፊት)፣ ከዚያ በላይ ለመጣ ሰው የሚከፈለው ዋጋ፣ የገበያ ዋጋ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲጨምር ዋጋው እንዴት እንደሚስተካከል፣ የምግብ ማቅረቢያ ሰዓት፣ የተሰበረ ዕቃ ኃላፊነት፣ የተረፈው ምግብ የማን እንደሆነ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ሠርግ ማግስት ላይ ስንት ጸብ እንደሚያስነሳ የሠራበት ያውቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ቀብድ። ቀብድ ገና ያልተሠራበት የሰው ገንዘብ ነው፤ በሒሳብ አያያዝ ዕዳ እንጂ ገቢ አይባልም። የእኛ ቤት ትልቁ ቁስል እዚህ ላይ ነበር። በነቢያት ጾም የሥጋ ሽያጩ ሲቀንስ የታኅሣሥ ኪራይ የተከፈለው ለጥር ሠርግ በተቀበሉት ቀብድ ነው። ጥር ሲገባ ለበሬውና ለቅቤው ገንዘብ ጠፋ። ሠርግ ደግሞ አይዘለልም፤ ስለዚህ በወለድ ተበደሩ። ወለዱ ለደመወዝ የታሰበውን በላ። ባለቤቷ ማንንም ለመበደል አስበው አልነበረም። የነገውን ብር ዛሬ በሉት እንጂ። ቀብድን በተለየ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ለዚያው ድግስ ዕቃ ብቻ ማውጣት ይህን በሙሉ ባስቀረ ነበር።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የባለቤቷ ጥያቄ መልስ አንድ አልነበረም። ብሩ በቫት፣ በአጥንት፣ በ50 ግራም፣ ባልተቆረጠ ቦኖ፣ በጾም ወራትና በቀብድ በኩል ነበር የሚወጣው። ትልቅ ሌባ ፍለጋ ሲደከም ትናንሾቹ ቀዳዳዎች አልታዩም። ሁሉም ደግሞ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ደብተርና በአንድ ተጨማሪ የባንክ ሒሳብ የሚደፈኑ ናቸው። ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም።

ልምምዴ ሲያልቅ ከሁለቱ ወር ደመወዝ የአንዱ ተከፍሎ የአንዱ ቀርቶ ነበር። በዚያ ቀን ወጥ ቤቱን የሚመሩት እናት ምሳ አቀረቡልኝና «ይኸው፣ 200 ግራም ነው፤ ለአንተም አልጨምርም» ብለው ሳቁብኝ። ከተሰጠኝ ውጤት ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

እኛ ነገ የምንቀጠርበት ወይም የምንከፍተው ቤት ውስጥ ማብሰልና ማስተናገድ የሚችል ሰው አይጠፋም። የሚጠፋው ማታ ቁጭ ብሎ የሚደምርና የሚቀንስ ሰው ነው። ስለዚህ የኮስት ኮንትሮል ደብተራችንን ከፈተና በኋላ አንጣለው። የወጥ ቤቱ ሰው ሁሉ ደመወዝ በቀኑ መድረሱና አለመድረሱ እዚያ ደብተር ውስጥ ነው ያለው።